«ሞተሩ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት ካፓሲተሩን ለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

የካቲት ተጋምሶ ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር፣ ባሕር ዳር ውስጥ ለወራት ሳይነኩ የከረሙ የኮርኒስ ቬንትሌተሮች በአንድ ሰሞን ይበራሉ። በሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች፣ በእንግዳ ማረፊያዎች፣ በየሱቁና በየመኖሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ቅሬታ የሚሰማውም ያኔ ነው። ሪሞቱን ሲጫኑት ድምፅ ይሰጣል፣ አምፖሉም ይበራል፤ ቬንትሌተሩ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ወይም በከፍተኛው ፍጥነት እንደምንም ይነሣና ዝቅ ሲያደርጉት ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ሌላ ይግዙ» የሚል ነው። ፍርዱ ሳይለካ የሚሰጥ በመሆኑ ሰው ደህና ሞተር አውርዶ ይጥላል። ይህን ደብዳቤ ለአንባቢዎችም ለሙያ ባልደረቦቼም የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያጉረመርም ሞተር ቢያንስ ዋናው ጥቅልሉ (በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ) ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምታጠራቅም ካፓሲተር የምትባል ዕቃ ናት።

ቤታችን የሚገባው መብራት ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አንድ ፌዝ ብቻውን ሞተሩን ያንዘፈዝፈዋል እንጂ ከቆመበት አስነሥቶ አያዞረውም። ስለዚህ የተለመደው የቬንትሌተር ሞተር ሁለት ጥቅልል አለው፤ ዋናውና ረዳቱ። ካፓሲተሩ ከረዳቱ ጥቅልል ጋር በተከታታይ ይገናኝና በዚያ በኩል የሚያልፈውን ከረንት ከዋናው ያስቀድመዋል። ሞተሩን ከቆመበት የሚያስነሣው ይህ መቀዳደም ነው። ካፓሲተሩ ፈጽሞ ሲሞት ማጉረምረም ብቻ ይቀራል። ሲደክም ደግሞ፣ ለምሳሌ አቅሙ 3.15 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) የነበረው ወደ 2 ሲወርድ፣ ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ሙሉ ፍጥነቱንም አይደርስም። ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ጭራሽ አለመነሣቱ የሚገርም አይደለም። ብዙ ሪሲቨሮች (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበሉት ትንንሽ ሳጥኖች) ፍጥነት የሚቀንሱት ለሞተሩ የሚደርሰውን ቮልቴጅ በመቀነስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ይወርዳል። በ220 ቮልት ሙሉ ጉልበት ያለው ሞተር በ170 ቮልት የሚቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በከፍተኛው አስነሥቶ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ካልተደረገለት የማይነሣ ቬንትሌተር ግን ካፓሲተሩ መድከሙን እየነገራችሁ ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ሪሞቱ ሪሲቨሩን ያዝዛል እንጂ መብራቱን አይቆርጥም፤ ከኮርኒሱ ሥር ባለው መሸፈኛ ኮፍያ ውስጥ ያለው ሽቦ ፌዝ እንደያዘ ነው። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያም አያስተማምንም፤ ፌዙ ቀርቶ ኒውትራሉ በማጥፊያው በኩል እንዲያልፍ የተደረገባቸው ቤቶች አሉ። ብሬከሩን ከቆጣሪው ሳጥን አውርዱ፣ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳያነሣው ንገሩ፣ ሽቦውን ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። ካፓሲተሩ ብሬከሩ ከወረደ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱን ጫፎች በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር አገናኝቶ ማራገፍ ይገባል። የካፓሲተሩ ንዝረት (የመስመሩ አላልኩም፤ የመስመሩ ይገድላል) ብቻውን ላይገድል ይችላል፤ መሰላል ላይ ያለን ሰው ግን ይጥላል።

ኮፍያውን ሳትከፍቱ የሚታዩ ነገሮች አሉ። በሞተሩ አካል ላይ የዙረት አቅጣጫ መቀየሪያ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ ካለ፣ ወደ አንዱ ጫፍ በደንብ መገፋቱን እዩ። ኮርኒስ ሲጠረግ ወይም ቀለም ሲቀባ ተነክቶ መሐል ላይ ከቀረ ቬንትሌተሩ አይነሣም፤ ይህን ለማስተካከል አንድ ጣት ይበቃል። ቬንትሌተሩ አዲስ ከሆነ ለጉዞ ተብለው በሞተሩና በክንፎቹ መያዣ መካከል የሚገቡ ጎማዎች መነሣታቸውን አረጋግጡ። በእኛ አካባቢ ደግሞ የአጎበር ነገር አለ። የአጎበሩ ክር ወይም ማሰሪያ በሞተሩና በዘንጉ መካከል ተጠምጥሞ ሞተሩን አንቆ ሊይዘው ይችላል። አጎበር ከቬንትሌተሩ መንጠቆ ላይ በፍጹም አይታሰር፤ ከአልጋው አራት ማዕዘን ቆመው በሚይዙ እንጨቶች ላይ ይወጠር። አጎበሩን ለቬንትሌተር ብሎ ማውለቅም በጣና ዳር የሚመከር አይደለም፤ የወባ አገር ነው።

ቀጥሎ ብሬከሩ እንደወረደ ክንፉን በእጅ ገፋ አድርጉ። ደህና ቬንትሌተር ጥቂት ዙር ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። ወዲያው ከቆመ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ደርቋል። በብዙ ቬንትሌተሮች ውስጥ ያሉት 6201 እና 6202 የሚባሉት ኩሽኔታዎች ስለሆኑ ገበያ ላይ ችግር የለም፤ ቁጥሩን ግን አሮጌው ላይ አንብባችሁ ግዙ። በክዳኑ ላይ ዘይት ማንጠባጠብ ለጥቂት ቀን ያሳልፋል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ጥቅልሉም ይወርዳል።

ክንፉ በነፃ የሚዞር ከሆነ ዋናው ፈተና ይኸኛው ነው። ብሬከሩ እንደወረደ አንድ ሰው ክንፉን ገፍቶ ያዙረው፣ ከመሰላሉም ወርዶ ዞር ይበል፤ ክንፉ ገና እየዞረ ሌላው ሰው ብሬከሩን ያንሣና በሪሞቱ ከፍተኛውን ፍጥነት ይዘዝ። ቬንትሌተሩ ያንን ግፊት ተቀብሎ ፍጥነት ከጨመረ ዋናው ጥቅልል ደህና ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ገፍታችሁ ደግሞ ሞክሩ። በገፋችሁት በኩል ሁሉ የሚሄድ ከሆነ የረዳቱ ጥቅልል መስመር እየሠራ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ፣ ቀጥሎ ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ፣ በመጨረሻ ጥቅልሉ ራሱ ነው። ይህን ፈተና ሳያደርጉ ሞተር ማውረድ ትክክል አይደለም። መብራት ሳይቋረጥ ክንፉን በእጅ መግፋት ግን ጣት ያስቆርጣል፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ካፓሲተሩ ብዙ ጊዜ ከኮርኒሱ ሥር ባለው ኮፍያ ወይም ከሞተሩ ሥር ባለው ክዳን ውስጥ ነው፤ በአንዳንድ ሞዴል በሪሲቨሩ ሳጥን ውስጥ ተበይዷል። ላዩ ላይ ማይክሮፋራዱና ቮልቱ ተጽፏል። ለተለመዱ የኮርኒስ ቬንትሌተሮች ከ2 እስከ 5 ማይክሮፋራድ፣ 400 ወይም 450 ቮልት ነው። ከአንድ ጫፍ ነቅላችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ማይክሮፋራድ በሚለካ መልቲሜትር ለኩት። ከተጻፈበት ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ይቀየር። ያበጠ ወይም የቀለጠ ከሆነ መለካትም አያስፈልግም፤ አለማበጡ ግን ደህንነቱን አያሳይም፤ መልኩ አዲስ ሆኖ ግማሽ አቅሙን ያጣ ካፓሲተር ብዙ ነው። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ሽቦ ካፓሲተርም አለ፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ዋጋ የያዘ ነው። ከመንቀላችሁ በፊት የሽቦዎቹን ቀለም በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የምትገዙት ከእያንዳንዱ ዋጋ ጋር የሚገጥም ይሁን።

በገበያ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንዱ «ከፍ ያለ ይሻላል» ብሎ በ2.5 ፈንታ 5 ማይክሮፋራድ ማስገባት ነው። ቬንትሌተሩ በእርግጥ ፈጥኖ ይነሣል፤ ነገር ግን በረዳቱ ጥቅልል ከአቅሙ በላይ ከረንት ስለሚያልፍ ሞተሩ ይግላል፣ ይጮሃል፣ የጥቅልሉን ሽቦ የሚሸፍነው ቫርኒስ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ሞተሩ በእውነት ተቃጠለ ማለት ነው። ሁለተኛው 250 ቮልት የተጻፈበትን መግጠም ነው። መስመሩ 220 ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ካፓሲተሩ ከጥቅልል ጋር በተከታታይ ሲሠራ በጫፎቹ መካከል ከመስመሩ የበለጠ ቮልቴጅ ይቆማል። ስለዚህ ከ400 በታች አትቀበሉ። ሻጩ «ያው ነው» ቢል ያው አይደለም።

አዲስ ካፓሲተር ገብቶም ካልተነሣ የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች በኦም መለካት ይቀራል። በሦስቱ ጥንዶች መካከል የሚገኙት ሦስት ቁጥሮች መደመር አለባቸው፤ ትልቁ የሁለቱ ድምር ነው። ለምሳሌ 140፣ 190 እና 330 ኦም ቢያሳይ ጥቅልሉ ደህና ነው። ከጥንዶቹ አንዱ እንኳ ክፍት ካሳየ ሽቦ ተበጥሷል ወይም በጥቅልሉ ውስጥ የተቀበረው የሙቀት ፊውዝ ተቆርጧል። ከማንኛውም ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት የሚያሳይ ንባብ ካለ ቬንትሌተሩን መልሳችሁ አትስቀሉ። «ተቃጥሏል» ማለት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች በከተማችን አሉ።

አሁን ወደ ሪሲቨሩ። ኮፍያው ውስጥ የምትገባው ይህች ሳጥን ከሪሞቱ ትእዛዝ ተቀብላ ለሞተሩና ለአምፖሉ መብራት ትሰጣለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የመጀመሪያውን ምት የምትቀበለውም እሷ ናት። መብራት ሲሄድ የቬንትሌተሩን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ማብራት ዕድሜዋን ያረዝማል። ፍጥነት የምትቆጣጠርበት ትራያክ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ከተቆረጠ አምፖሉ ይሠራል፣ ቬንትሌተሩ ድምፅ እንኳ አያሰማም። ትራያኩ ሾርት ከሆነ ደግሞ ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፣ ሪሞቱ አያቆመውም። ከእነዚህ ይልቅ የሚያደናግረው ሦስተኛው ነው። ብዙ ርካሽ ሪሲቨሮች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ለራሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ትንሽ ኃይል የሚያገኙት በአንዲት ካፓሲተር በኩል ነው። እሷ ስትደክም ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ድምፁ ይደክማል፣ ቬንትሌተሩ ተነሥቶ ይቆማል፤ በተለይ ምሽት ላይ መስመሩ ሲወርድ። ሰው ይህን አይቶ ሪሞት ይገዛል፣ ከዚያ ሞተር ያስወርዳል። ብየዳ የሚችል ሰው ግን ተመሳሳይ ዋጋና ቮልት ያላትን ካፓሲተር በመቀየር ይጨርሰዋል።

ጥፋቱ የሪሲቨሩ ይሁን የቬንትሌተሩ ለመለየት ሪሲቨሩን ከመካከል አውጥቶ ሞተሩን በተራ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ ከመስመሩ ማገናኘት ነው። በደንብ ከተነሣ ሪሲቨሩ ይቀየር፤ አሁንም ካጉረመረመ ሪሲቨሩን አትውቀሱ። ካፓሲተሩ በሪሲቨሩ ውስጥ ከሆነ ግን በዚህ ፈተና ለብቻው ካፓሲተር ማገናኘት ያስፈልጋል። አዲስ ሪሲቨር ስትገጥሙ መግቢያና መውጫ እንዳይቀያየር ተጠንቀቁ፤ መስመሩ በሞተሩ መውጫ በኩል ከገባ ብሬከሩ በተነሣበት ቅጽበት ትቃጠላለች።

በአሮጌ ቤቶች ሪሞት ያለው ቬንትሌተር ሲገባ የሚረሳ ነገር አለ፤ በግድግዳው ላይ ያለው ባለ ደረጃ የፍጥነት መቀነሻ። ሪሲቨር ከእሱ ቀጥሎ በአግባቡ ሊሠራ አይችልም። በ1 ወይም በ2 ላይ ከተተወ ለሪሲቨሩ የተቆራረጠ ወይም ያነሰ ቮልቴጅ ይደርሰዋል፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ውሎ አድሮ ይበላሻል። መቀነሻው ይውጣና ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። ከአነስተኛ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት ከሚቀይር መሣሪያ) ጋር ለሚጠቀሙም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የሚያወጣው ሞገድ እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ (ንጹሕ ሳይን የሚባለው) ካልሆነ ሞተሩ ይጮሃል፣ ትራያኩም በትክክል አይሠራም።

የቮልቴጅ ነገር ሲነሣ ሁሉንም በመብራት ኃይል ማመካኘት ልማድ ሆኗል። መለኪያውን በሪሲቨሩ መግቢያ ላይ አድርጋችሁ ቬንትሌተሩ ሊነሣ ሲሞክር ተመልከቱ። ሳይነሣ 220 አሳይቶ ሲነሣ ወደ 150 ከወረደ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም። የተለመደ ቬንትሌተር ከ60 እስከ 75 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው፤ ከረንቱ ከግማሽ አምፒር ያንሳል፤ ያን ያህል ቮልቴጅ ሊያወርድ አይችልም። የሚያወርደው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ፣ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ነው። በሐይቁ ዳር እርጥበቱ ይህን ያፋጥነዋል። የጠቆረውን ሽቦ ቆርጣችሁ፣ ልጣችሁ፣ በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ አያይዙት። ማገናኛው ውስጥ ከገባ በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑ።

የሪሞቱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሆቴሎችን ያስቸግራል። አንዳንዱ ሪሞት በኢንፍራሬድ፣ አንዳንዱ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። ኢንፍራሬድ ከሆነ የስልክ ካሜራ ወደ ጫፉ አዙራችሁ ቁልፍ ስትጫኑ የሐምራዊ ብልጭታ ይታያል። በአንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ ስለማያሳይ በፊተኛው ሞክሩ። ባትሪ ድንጋዩ አንዳንዱ ተራ 1.5 ቮልት ሁለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ 12 ቮልት የሆነች አጭር ድንጋይ ናት፤ ይህች ወደ 10 ቮልት ስትወርድ የሪሞቱ መብራት ይበራል፣ ምልክቱ ግን ሪሲቨሩ ጋ ለመድረስ ይደክማል። ለሬዲዮ ሪሞት ሪሲቨሩ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ሽቦ አለች፤ አንቴናው ናት፣ በ433 ሜጋኸርዝ ለሚሠራው 17 ሴንቲሜትር ገደማ። ጠቅልላችሁ በብረት ኮፍያው ውስጥ ካስቀመጣችኋት ሪሞቱ ከአልጋ ላይ አይሠራም። በጠርዙ በኩል ወደ ውጭ ትውጣ፤ እንዳትቆረጥ።

የአንዱ ክፍል ሪሞት የጎረቤቱን ክፍል ቬንትሌተር የሚያስነሣ ወይም የሚያቆም ከሆነ፣ ሁሉም ከፋብሪካ እንደመጡ በአንድ ኮድ ላይ ናቸው። በሪሞቱ ድንጋይ ቤትና በሪሲቨሩ ላይ አራት ትንንሽ ቁልፎች ካሉ 16 የተለያየ አቀማመጥ ማድረግ ይቻላል። ብሬከሩ ወርዶ፣ የሁለቱም አቀማመጥ አንድ እንዲሆን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንቀሳቅሱ። ቁልፎች የሌሉት ዓይነት ብሬከሩ ከተነሣ በኋላ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የማጣመሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ በመጫን ይለምዳል፤ በትክክል የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ይናገራል። ሌሎቹ ክፍሎች በዚያን ጊዜ መብራት እንዳያገኙ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሁሉም በአንድ ሪሞት ይጣመራሉ።

ከላይ ያልኩት በአብዛኛው ለተለመደው ሞተር ነው። በቅርብ ዓመታት 30 ዋት ገደማ የሚወስዱ፣ ቋሚ ማግኔት ያላቸው የዲሲ ቬንትሌተሮች ገብተዋል። እነዚህ የማስነሻ ካፓሲተር የላቸውም፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ። በምንም ዓይነት ሞተሩን በቀጥታ ከ220 ጋር አታገናኙት። ሲገፉት ትንሽ መያዝ መያዝ ማለቱ የማግኔቱ ባሕርይ ስለሆነ ኩሽኔታ አትቀይሩ። ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ካልተነሣ ከመቆጣጠሪያው ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች አንዱ መላላቱን በመጀመሪያ እዩ። ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ዝም ካለ ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ብሬከሩን አንድ ደቂቃ ያህል አውርዳችሁ አንሡ። ሽቦዎቹ ጥብቅ ሆነው ካልተነሣ መቆጣጠሪያው ይቀየራል፤ ስትገዙ ከሞዴሉ ጋር የሚሄደውን እንጂ የሚመሳሰለውን አትቀበሉ።

ለሻጮችና ለገጣሚዎች ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የሽቦ ሥዕል ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት፤ ለገዢው ስጡት። ስትገጥሙ በኮፍያው ውስጠኛ ገጽ ላይ የካፓሲተሩን ማይክሮፋራድ፣ የሪሞቱን ኮድ አቀማመጥና የተገጠመበትን ቀን በማይጠፋ ብዕር ጻፉ። ቬንትሌተሩ የሚሰቀለው ከቤቶን ወይም ከዋናው እንጨት ላይ እንጂ ከችፑድ ኮርኒስ ላይ አይሁን፤ ክንፉም ከወለሉ ከ2.3 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይኑረው። ኮፍያውን ስትዘጉ ከሐይቁ በምሽት ወደ አምፖሉ የሚመጣው ትንኝ ወደ ሪሲቨሩ የሚገባበትን ሰፊ ቀዳዳ ድፈኑ፤ የሪሲቨሩን የአየር ማስወጫ ግን አትድፈኑ፤ ትራያኩ ይግላልና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ
ባሕር ዳር